የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪን በቤት ውስጥ መሙላትና ማስቀመጥ፦ ለጎንደር ነዋሪዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ከአዘዞ ተነሥቶ በኤሌክትሪክ ብስክሌት ወደ ፒያሳ የወጣ ሰው ቤቱ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ባትሪውን ነቅሎ በሩ አጠገብ ባለው ሶኬት ላይ መሰካት ነው። ባትሪው ገና ከዳገቱ ሙቀት አልበረደም፤ የተሰካበት ቦታም ቤተሰቡ ወደ ውጭ የሚወጣበት ብቸኛ መንገድ ነው። ይህ መመሪያ ትልቁን ትኩረት የሚሰጠው ባትሪው መቼ እና የት ይሞላ ለሚሉት ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው፤ የቻርጀር ምርጫም ሆነ የረጅም ጊዜ አቀማመጥ ከእነርሱ ጋር ተያይዞ ይቀርባል።

ከዚህ በታች ያለው የሚመለከተው ሊቲየም-አዮን ባትሪን ነው። ብስክሌትዎ የሚሠራው በአሲድ ወይም በጄል ባትሪ ከሆነ አንዳንዱ ደንብ ፍጹም ተቃራኒ ስለሚሆን ወደ መጨረሻው አካባቢ ያለውን ክፍል ይመልከቱ።

ደረጃ 1፦ በባትሪውና በቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ማመሳከር

በባትሪው ሽፋን ላይ ቮልቱና አምፔር-ሰዓቱ (የሚይዘው መጠን)፣ በቻርጀሩ ጀርባ ደግሞ ቻርጀሩ የሚያወጣው ቮልትና አምፔር ተጽፎ ይገኛል። 36 ቮልት የሚባለው ባትሪ በውስጡ 10 የሴል፣ ማለትም የትንንሽ ባትሪዎች፣ ረድፎች በተከታታይ የተያያዙበት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ስለሚደርስ ቻርጀሩ 42 ቮልት የሚያወጣ መሆን አለበት። 48 ቮልት የሚባለው የተለመደው ባትሪ 13 ረድፎች ስላሉት 54.6 ቮልት ይፈልጋል። ነገሩን የሚያወሳስበው ሌላ ዓይነት 48 ቮልት ባትሪ መኖሩ ነው፤ ሊቲየም-አይረን-ፎስፌት የሚባለው ዓይነት 16 ረድፎች ያሉት ሲሆን ቻርጀሩ 58.4 ቮልት ያወጣል። ሱቅ ውስጥ ግን ሁለቱም ቻርጀሮች «48 ቮልት» እየተባሉ ይሸጣሉ፤ ጫፋቸውም ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው።

ይህን ስህተት እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ። የመጀመሪያው ቻርጀሬ ሲቃጠል ሌላ ገዝቼ ሰካሁ፤ ጫፉ ልክ ገባ፣ ቀይ መብራቱም በራ፣ እኔም ጉዳዩ አለቀ ብዬ ተቀመጥኩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በቴስተር ስለካው የሚያወጣው 58.4 ቮልት ሆኖ ተገኘ። ባትሪዬ 13 ረድፍ ስለነበር እያንዳንዱ ሴል ወደ 4.5 ቮልት እየተገፋ ነበር ማለት ነው። ባትሪውን ያዳነው በውስጡ ያለው፣ ባለሙያዎች ቢኤምኤስ የሚሉት የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ነው፤ ከልክ ያለፈ ቮልት ሲመጣ መስመሩን ይቆርጠዋል። ሰሌዳው ግን የተሠራው አልፎ አልፎ ለሚደርስ አደጋ እንጂ በየምሽቱ የሰውን ስህተት እያረመ እንዲኖር አይደለም። ስለዚህ ምትክ ቻርጀር ሲገዙ ባትሪውን ይዘው ይሂዱ፤ ከተቻለም ሻጩ የቻርጀሩን ቮልት በቴስተር ለክቶ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። መጠየቁ ነውር አይደለም።

አዲስ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ደግሞ ዩኤል 2849 ወይም ኢኤን 15194 የሚል ምልክት መኖሩን ቢያይ ይጠቅመዋል። የመጀመሪያው የአሜሪካ፣ ሁለተኛው የአውሮፓ የኤሌክትሪክ ብስክሌት የደኅንነት መመዘኛ ነው። የኒውዮርክ ከተማ በባትሪ ምክንያት የሚነሡ ቃጠሎዎች ሲበዙባት የመጀመሪያውን መመዘኛ ያላሟላ የኤሌክትሪክ ብስክሌት እንዳይሸጥ በ2023 እ.ኤ.አ. በሕግ ከልክላለች።

ደረጃ 2፦ የሚሞላበትን ቦታ መምረጥ

የተበላሸ ሊቲየም-አዮን ባትሪ እሳት የሚያስነሣው እንደ ከሰል ቀስ ብሎ አይደለም። አንዱ ሴል ከልክ በላይ ሲሞቅ በውስጡ ያለው ኬሚካል ራሱን በራሱ ማሞቅ ይጀምራል፤ ሙቀቱ ወደ ጎረቤቱ ሴል ይተላለፋል፤ በደቂቃዎች፣ አንዳንዴም በሰከንዶች ውስጥ ተቀጣጣይና መርዛማ ጋዝ በኃይል እየወጣ ይነድዳል። ስለዚህ ቦታ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይህ ባትሪ አሁን ቢነድ በየት እወጣለሁ?» የሚለው ነው። ባትሪው በሰውና በበሩ መካከል መሆን የለበትም።

በከተማችን ብዙ ሰው የሚኖረው አንድ በር ባላት የኪራይ ክፍል ውስጥ በመሆኑ ይህ ደንብ ቀላል አይደለም፤ ሶኬቱም የሚገኘው ብዙ ጊዜ በሩ አጠገብ ነው። እንዲህ ባለ ቤት የምመክረው ከክፍሉ ውጭ፣ ዝናብና ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው በረንዳ ወይም ከአከራይ ጋር ተስማምቶ በግቢው ውስጥ ባለ የብሎኬት ክፍል መሙላትን ነው። ይህ ካልተቻለ ባትሪው ከአልጋውና ከበሩ በተቻለ መጠን ይራቅ፤ የሚሞላውም የቤቱ ሰው ነቅቶ ባለበት ሰዓት ብቻ ይሁን። ግቢ ውስጥ በጋራ የሚወጣበት መተላለፊያና የፎቅ ቤት ደረጃ ሥር ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆኑም፤ እዚያ የሚነሣ እሳት የሚዘጋው የሌሎችንም መውጫ ነውና።

ባትሪው የሚቀመጥበት ወለል ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ መሆን አለበት። ፍራሽ፣ ምንጣፍ፣ ሶፋና የልብስ ክምር ሙቀትን አፍነው ይይዛሉ፤ በእሳት ጊዜም ማገዶ ይሆናሉ። ወደ ላይም መመልከት ያስፈልጋል፤ በአንዳንድ ቆየት ያሉ የጭቃ ቤቶች ኮርኒሱ ከማዳበሪያ ጆንያ የተሠራ ስለሆነ ከሥሩ የሚነሣ ነበልባል ወዲያውኑ ወደ ጣሪያው ይወጣል። ከባትሪው ዙሪያ ቢያንስ አንድ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይተው፤ የጋዝ ሲሊንደር፣ ቡታጋዝና የከሰል ምድጃ ካሉበት ማዕድ ቤት ውስጥ ደግሞ በጭራሽ አይሙሉት።

ደረጃ 3፦ የኤሌክትሪክ መስመሩን ማየት

የብስክሌት ቻርጀር ራሱ ብዙ ኃይል አይስብም። በ54.6 ቮልት 3 አምፔር የሚያወጣ ቻርጀር ከግድግዳው የሚወስደው ከ200 ዋት አይበልጥም፤ የእንጀራ ምጣድ ግን ከ3,000 ዋት በላይ ይወስዳል። አደጋው የሚመጣው ሁለቱ በአንድ ዲቫይደር ላይ ሲገናኙ ነው። ቀጭን ሽቦ ያለው ዲቫይደር በምጣዱ ይግላል፣ ስፒናው የላላ ከሆነም ብልጭታ ይፈጥራል፤ ቻርጀሩም የዚሁ ተካፋይ ይሆናል። ስለዚህ ቻርጀሩን በቀጥታ በግድግዳ ሶኬት ላይ ይሰኩ። ሶኬቱ ከላላ፣ ከጠቆረ ወይም ሲነኩት ከሞቀ መጀመሪያ ኤሌክትሪሻን ይጠሩ።

መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከግድግዳው ይንቀሉ። የአገልግሎቱ ቮልት በደንቡ 220 ቢሆንም፣ ተቋርጦ በሚመለስበት ቅጽበት ለአጭር ጊዜ ከፍና ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ የሚቃጠለውም በዚሁ ምክንያት ነው። መብራቱ ተመልሶ ለአሥር ደቂቃ ያህል ሳይዋዥቅ ከቆየ በኋላ መልሰው ይሰኩ።

ደረጃ 4፦ ከመሙላት በፊት ማሳረፍ

ባትሪው ዳገት ሲወጣ ከፍተኛ ኃይል በአጭር ጊዜ ስለሚያወጣ ውስጡ ይግላል። ሊቲየም-አዮን ባትሪ በአብዛኛው የሚሞላው ሙቀቱ ከ0 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ክልል ውስጥ ሲሆን ነው፤ የመጋቢትና የሚያዝያ ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ባትሪ ከጉዞ ሙቀት ጋር ተደምሮ ወደ 45 ዲግሪው ሊጠጋ ይችላል። ሽፋኑን በእጅ ነክተው የክፍሉን ያህል እስኪበርድ፣ በተለምዶ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት፣ ይጠብቁ። በውኃ ወይም በፍሪጅ ለማቀዝቀዝ መሞከር ተጨማሪ ችግር ያመጣል። ወደ መተማና ሁመራ በኩል በቆላው አገር ባትሪ የሚጠቀም ሰው መሙላቱን ወደ ንጋት ቢያደርገው ይሻላል።

በተቃራኒው በኅዳርና በታኅሣሥ ደባርቅ አካባቢ ውጭ ያደረ ባትሪ ወደ ዜሮ ሊጠጋ ይችላል። ከዜሮ በታች ሆኖ የሚሞላ ሴል ሊቲየሙ በብረትነት በውስጡ ይለጠፍበታል፤ ይህ ጉዳት አይታይም፣ አይመለስምም። ቤት አስገብተው ጥቂት ሰዓት ያቆዩት።

ክረምት ላይ ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ከዝናብ የገባን ባትሪ በደረቅ ጨርቅ ያብሱ፤ የመሙያውን ቀዳዳ ክዳን ከፍተው እርጥበት ወይም ጭቃ መኖሩን ይመልከቱ፤ ካለ ደርቆ እስኪያልቅ አይሰኩ። ጎርፍ ውስጥ የተነከረ ባትሪ ግን በፀሐይ ደርቆ እንኳ አይታመንም። በውስጡ የቀረው ውኃ የሴሎቹን ማያያዣ ቀስ በቀስ ስለሚበላ ችግሩ ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ከቤት ውጭ ያስቀምጡትና ለባለሙያ ያሳዩት።

ደረጃ 5፦ መሙላትና መከታተል

ብዙ ሰው ባትሪውን ሌሊቱን ሙሉ ሰክቶ የሚያድረው ረጅም ጊዜ የሚፈጅ እየመሰለው ነው። እስቲ በሒሳብ እንየው። ባለ 48 ቮልት፣ 13 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 624 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ከባዶ እስከ ሙሉ በ3 አምፔር ቻርጀር አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፤ ምክንያቱም ቻርጀሩ ወደ መጨረሻው አካባቢ አምፔሩን እየቀነሰ ስለሚሄድ የመጨረሻዋ ጥቂት መቶኛ ከሌላው ትዘገያለች። ከ20 በመቶ እስከ 80 በመቶ ለመሙላት ግን የሚያስፈልገው 7.8 አምፔር-ሰዓት ብቻ ስለሆነ ከሁለት ሰዓት ተኩል ብዙም አይበልጥም። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ቤቱ የገባ ሰው ባትሪውን አንድ ሰዓት አሳርፎ ቢሰካው ከምሽቱ 4 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ነቅሎ ይተኛል። የአልጋ ሰዓት ሳይነካ ሥራው ያልቃል።

መብራት ጠፍቶ አምሽቶ እኩለ ሌሊት ላይ ከመጣ፣ ሁላችንም የሚፈትነን ያኔ ነው። ሊቲየም-አዮን ባትሪ በከፊል መሞላት አይጎዳውም፤ ስለዚህ ጠዋት ከመውጣትዎ በፊት በአንዲት ሰዓት የሚገኘው 3 አምፔር-ሰዓት፣ ማለትም ሩብ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ኃይል፣ ለአብዛኛው የከተማ ውስጥ ጉዞ ይበቃል። በሰዓት ቆጣሪ የሚጠፋ ሶኬት መግዛትም ይቻላል፤ ሆኖም ሶኬቱ ጊዜን እንጂ ሙቀትንና ሽታን ስለማያውቅ የነቃን ሰው አይተካም።

በየቀኑ 80 ወይም 90 በመቶ ላይ ማቆም የባትሪውን ዕድሜ ያራዝማል፤ ሴሉ 4.2 ቮልት ላይ በቆየ ቁጥር ቶሎ ያረጃል። በወር አንድ ጊዜ ያህል ግን እስከ መጨረሻው ይሙሉት፤ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳው በረድፎቹ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያስተካክለው አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ወደ ሙሉ ሲቃረብ ነውና። እግረ መንገድ አንድ ነገር ላንሣ፦ ጎሃ ኮረብታን በመሰለ ከፍታ ላይ የሚኖርና ብስክሌቱ ፍሬን ሲይዝ ኃይል መልሶ የሚሞላ ዓይነት የሆነ ሰው ባትሪውን መቶ በመቶ ሞልቶ ቁልቁለቱን ባይጀምር ይመረጣል። ባትሪው የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው ሰሌዳው መስመሩን ሊቆርጥ፣ የሞተሩም ፍሬን ድንገት ሊጠፋ ይችላል።

በሚሞላበት ጊዜ በየሠላሳ ደቂቃው ባትሪውንና ቻርጀሩን በእጅዎ ይንኩ። ቻርጀሩ ሞቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ባትሪው ግን እጅ የሚያስነሣ ሙቀት ሊኖረው አይገባም። ቻርጀሩን በጨርቅ አይሸፍኑት፤ ማራገቢያ ያለው ከሆነ አቧራውን አልፎ አልፎ ይጥረጉለት።

ደረጃ 6፦ ለረጅም ጊዜ ማስቀመጥ

በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ብስክሌቱን የሚያቆም፣ ወይም ለዕረፍት ወደ ቤተሰቡ የሚሄድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ባትሪውን «ሞልቼ ላስቀምጠው» ይላል። ይህ ከአሲድ ባትሪ የመጣ ልማድ ነው፤ ለሊቲየም ጎጂ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት እንደሚያሳየው በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአንድ ዓመት ሙሉ ሆኖ የተቀመጠ ሊቲየም-አዮን ሴል ከአቅሙ 80 በመቶ ያህሉ ሲቀርለት፣ 40 በመቶ ላይ የተቀመጠው ግን 96 በመቶ ያህሉን ይይዛል። በ40 ዲግሪ ልዩነቱ የባሰ ነው፤ 65 በመቶ ከ85 በመቶ ጋር። ሙላቱና ሙቀቱ ተደምረው ነው ባትሪን የሚያስረጁት።

ስለዚህ ከ40 እስከ 60 በመቶ ባለው መካከል አድርገው ያስቀምጡ። መለኪያ ስክሪን ከሌለ በቴስተር ሲለካ 36 ቮልት ባትሪ ከ36 እስከ 38 ቮልት፣ ባለ 13 ረድፉ 48 ቮልት ባትሪ ከ47 እስከ 49 ቮልት ቢያሳይ ተስማሚ ነው። ሊቲየም-አይረን-ፎስፌት በመካከለኛው ክልል ቮልቱ ስለማይለወጥ በዚህ መንገድ አይለካም፤ እርሱን ከሙሉ ጀምሮ ግማሽ መንገድ ነድቶ ማቆም ይሻላል።

ባትሪውን ከብስክሌቱ ይንቀሉት፤ ተያይዞ ሲቀመጥ ስክሪኑና መቆጣጠሪያው በጥቂቱም ቢሆን መሳባቸውን አያቆሙም። ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቦታ፣ ከ10 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ክልል፣ ይበቃዋል፤ የጎንደር ደጋ አየር ለዚህ የታደለ ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ቆጥ ግን አይሆንም። የብረት ቁልፍ፣ ሳንቲም ወይም ሽቦ የመሙያ ቀዳዳውን እንዳይነካ ክዳኑን ይዝጉ፤ ልጆች በማይደርሱበት ያድርጉት። በወር አንድ ጊዜ ለክተው ከ30 በመቶ በታች ከወረደ ወደ ግማሹ ይመልሱት። ከተራና ጥምቀት፣ መንገዱ ሁሉ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ በሚጎርፈው ሕዝብ ተሞልቶ ብስክሌት በማይነዳባቸው ቀናት፣ ይህን ሁሉ ማድረግ አያስፈልግም፤ ሙሉ አድርጎ አለመተው ብቻ ይበቃል።

ለወራት ተረስቶ ፍጹም ባዶ የሆነ ባትሪ ቻርጀር አልቀበልም ሲል «በቀጥታ ሽቦ እናስነሣው» የሚሉ ሠራተኞች አሉ። አይፍቀዱላቸው። የሴሉ ቮልት በጣም ሲወርድ በውስጡ ያለው መዳብ ይሟሟል፤ እንደገና ሲሞላ መዳቡ በማይገባው ቦታ ይረጋና ሴሉን ከውስጥ ያገናኘዋል። የዚያን ቀን የሠራ ባትሪ በሌላ ቀን ሊነድ ይችላል።

የጉዳት ምልክቶችና የእሳት ጊዜ እርምጃ

ሽፋኑ ያበጠ፣ የተሰነጠቀ፣ በኮብልስቶን ላይ በኃይል የወደቀ፣ የሚጣፍጥ የቀለም ማቅጠኛ ዓይነት ሽታ ያመጣ ወይም ሳይነዳ የሚሞቅ ባትሪ አይሞላም። በካቻቪቴ ከፍቶ ማየትም ሆነ ከአሮጌ ላፕቶፕ በወጡ ሴሎች መተካት ርካሽ ይመስላል፤ ዕድሜና አቅማቸው የተለያየ ሴሎች በአንድ ባትሪ ውስጥ ሲጣመሩ ግን ደካማው ሁልጊዜ ከልኩ በላይ ይሞላል ወይም ይራቆታል።

ባትሪው መጮህ፣ ማፏጨት ወይም ማጨስ ከጀመረ አንሥቶ ለመጣል አይሞክሩ፤ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ሰዎችን አስወጡ፣ የሚወጡበትን በር ከኋላ ዝጉ፣ ጎረቤት ጥሩ፣ የቆጣሪው ብሬከር መውጫው ላይ ካለ አጥፉት፤ ለእሳት አደጋ መከላከያ ደውሉ። ስልኩን ዛሬውኑ ግድግዳ ላይ መጻፍ ጥሩ ነው። ጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የያዘ መርዝ ነው። በዱቄት የሚሠራ ማጥፊያ በዙሪያው የተያያዘውን ነገር ሊያጠፋ ቢችልም ሴሎቹን አያቀዘቅዝም፤ የሚያበርዳቸው ብዙ ውኃ ነው፤ እርሱንም ከሩቅና ከውጭ ሆኖ፣ መብራቱ መቋረጡ ሲረጋገጥ ብቻ። ጠፍቶ የነበረ ባትሪ ከሰዓታት በኋላ፣ አልፎ አልፎም ከቀናት በኋላ፣ ተመልሶ ስለሚነድ ወደ ቤት አይገባም።

የአሲድና የጄል ባትሪ

አራት ባለ 12 ቮልት ባትሪ የተደረደረበት ብስክሌት ከተነዳ በኋላ በዚያው ቀን መሞላት አለበት፤ ግማሽ ሆኖ ከተቀመጠ በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ጠንካራ የሰልፌት ንብርብር ይፈጠርና አቅሙ ይሞታል። የሚቀመጠውም ሙሉ ሆኖ ነው። አንዱ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.7 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት፤ ከ12.4 በታች ከወረደ ይሙሉት። በሚሞላበት ጊዜ ሃይድሮጅን ጋዝ ሊወጣ ስለሚችል መስኮት ይከፈት፣ ሲጋራና ክብሪት ይራቅ።

ማጓጓዝና ማስወገድ

ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ ሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን በሻንጣም ሆነ በእጅ አይጓጓዝም፤ ከላይ በምሳሌነት ያነሣነው 624 ዋት-ሰዓት ስለሆነ ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ይመለሳል። በመኪና ሲልኩት ከግማሽ በታች አድርገው፣ የመሙያውን ጫፍ በናስትሮ ሸፍነው፣ ከሌላ ዕቃ ሥር እንዳይጨፈለቅ ለብቻው በካርቶን ያሽጉት። ያለቀለትን ባትሪ በቆሻሻ ክምር ላይ ወይም ወደ ቀሃና ወደ አንገረብ ወንዝ አይጣሉት፤ የሸጠልዎ ሱቅ ተመልሶ ይወስደው እንደሆነ ይጠይቁ፤ እስከዚያው ጫፎቹን ሸፍነው ከቤት ውጭ፣ ዝናብ በማያገኘው ቦታ፣ አሸዋ ባለበት የብረት ባልዲ ውስጥ ያቆዩት።